ወንድም ጋሼ፣ ብድሩን አሁን አትፈርም

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣
ደብረ ብርሃን

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እማዬ እንዴት ናት? እግሯን አሁንም ያማታል? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ ስንደዋወል ስለ አይሱዙው ስትነግረኝ ደስታህ ከድምፅህ ያስታውቅ ነበር። አሮጌዋን ሸጠህ፣ ከባንክ ተበድረህ፣ የተሻለች ልታወጣ። የየወሩን ክፍያ ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ። «አለህልኝ አይደል?» አልከኝ። «አለሁ» አልኩህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፣ እማዬ አጠገብህ ነበረች። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ በቴሌግራም ፎቶውን ላኩልህ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ጋሼ፣ ብድሩን አሁን አትፈርም። እኔን ተማምነህ አትፈርም። ምክንያቱን ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳህ፤ አንተ ሾፌር ስለሆንክ ከማንም በላይ ይገባሃል።

የማሽከረክራት መኪና ላይ ፌዴክስ የሚል የዕቃ አድራሽ ኩባንያ ስም ተጽፏል። ፎቶውን አይተኸዋል። ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን ፌዴክስ አይደለም፤ ኮንትራክተር ነው። ሰውዬው የማድረሻ መስመሩን ከፌዴክስ በውል ይይዛል፣ መኪኖቹን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ሾፌሩን ራሱ ይቀጥራል። እኔ የሱ ቅጥር ነኝ። አንተ የሰው አይሱዙ ትነዳ በነበረ ጊዜ እንደነበረው ማለት ነው። ጭነቱ የነጋዴው፣ መኪናው የባለመኪናው፣ ድካሙ የሾፌሩ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ታሪክ አለው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍልህ። ፌዴክስ ማድረስ የጀመረው ሚያዝያ 9 ቀን 1965 ነው። አያታችን «የስድሳ አምስቱ ድርቅ» እያለ ያወራን የነበረው ዓመት። ሜምፊስ ከምትባል ከተማ 14 ትንንሽ አውሮፕላኖች ተነሥተው በዚያች ሌሊት 186 እሽግ ወደ 25 ከተሞች አደረሱ። ዛሬ የሰጠኸው ነገ ይደርሳል። ኤክስፕረስ የሚባለው ይህ ነው። በመኪና ብቻ ቀን ፈጅቶ የሚደርሰው ዕቃ ኋላ ነው የመጣው። በ1990 አርፒኤስ የሚባለውን አድራሽ ከነእናት ኩባንያው ገዙት፣ በ1992 ስሙን ፌዴክስ ግራውንድ አሉት። አርፒኤስ ድሮም ዕቃ የሚያደርሰው በውል በያዛቸው ሰዎች ነበር። እንደዚያው ቀጠለ።

ስለዚህ ስሙ አንድ፣ ቤቱ ግን ሁለት ሆነ። የኤክስፕረስ ሾፌር የኩባንያው ሠራተኛ ነው። በሰዓት ይከፈለዋል፣ የጤና መድን አለው፣ ለጡረታው ይቆጠርለታል። እኛ የግራውንዶቹ እንደየኮንትራክተራችን ነን። ለአንዱ ደግ ይደርሰዋል፣ ለሌላው ክፉ። እኔ በቀን ቁርጥ 180 ዶላር ነው የማገኘው፤ 8 ሰዓትም ልሥራ 12 ሰዓት ያው ነው።

ሁለቱ መኪኖች አንድ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ብታይ ይገርምሃል። ጠዋት የኤክስፕረሷ መኪና ፖስታ ጥላ ትሄዳለች። ከሰዓት እኔ እዚያው ቤት ካርቶን ይዤ እደርሳለሁ። አንድ በር፣ ሁለት ሾፌር፣ ሁለት ነዳጅ። ኩባንያው ይህን አይቶ ነው ሁለቱን እንደሚያዋህድ በ2015 ያስታወቀው። በሕግ አንድ ድርጅት የሆኑት ግንቦት 24 ቀን 2016 ነው። መጋዘኑን፣ መኪናውን፣ መስመሩን የማዋሃዱ ሥራ ግን ከተማ በከተማ ነው የሚሄደው። እስከ 2019 ከዚህ ብቻ 2 ቢሊዮን ዶላር ለመቆጠብ አቅደዋል።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ስህተት ነው አልልም። አንተ ብትሆንም ሁለት አይሱዙ ግማሽ ግማሽ ጭነት ይዘው ወደ ሸዋ ሮቢት አትልክም። እዚህ ዩፒኤስ የሚባለው ተፎካካሪ፣ ባለ ቡናማ መኪናው፣ ድሮም አስቸኳዩንም ተራውንም በአንድ መኪና ነው የሚያደርሰው። የነሱ ሾፌሮች ግን ቲምስተርስ በሚባል ትልቅ የሠራተኛ ማኅበር ታቅፈዋል። በ2015 ክረምት የአምስት ዓመት ውል ሲፈራረሙ ደመወዙ ብቻ አይደለም የተጻፈው። ከዚያ በኋላ የሚገዛ የማድረሻ መኪና ማቀዝቀዣ እንዲኖረው ሁሉ ተጽፎላቸዋል። በሐምሌ ሙቀት የመኪናው ሆድ ውስጥ ገብቶ ካርቶን ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ በኩል የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ መስመሩ ለማን ይሰጣል? በአንዳንዱ ከተማ ሁሉም ለኮንትራክተሩ ይሰጣል፣ በሌላው ለኤክስፕረስ ሠራተኞች። ካናዳ በ2016 የግራውንዱን ሥራ በሙሉ ወደ ኤክስፕረስ ማዞር ጀመሩ፤ እዚያ የኮንትራክተሩ ነገር በዚያው አበቃ። እኔ ያለሁበት ጣቢያ ወዴት እንደሚያደላ እስካሁን አላወቅንም። መጋዘን ውስጥ በየቀኑ አዲስ ወሬ አለ። ጠዋት አንዱ ይዞት ይመጣል፣ ማታ ሌላው ያፈርሰዋል።

አያታችን ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዙ የጋራ ሣር፣ ሲያወራ ትዝ ይልሃል? ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሰው ግን ያንን ይችለዋል። የሚከፈትበትን ቀን ሽማግሌዎቹ ይቆርጣሉ፣ ሁሉም ማጭዱን ስሎ፣ አጋሰሱን ጭኖ ይጠብቃል። ቀን የተቆረጠለት ነገር ሰውን አያስጨንቅም። እኔን የከበደኝ ቀኑን አለማወቄ ነው።

መሥመሬ ላይ ሁልጊዜ የማገኛት አንዲት የኤክስፕረስ ሾፌር አለች። በዕድሜ የእማዬ ታናሽ ብትሆን ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሠርታለች። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንገናኝ ቡና ትጋብዘኛለች። ባለፈው ሳምንት እንደ ወትሮው አልነበረችም። የፈራችው የሷ መስመር ለኮንትራክተር እንዳይሰጥ ነው። ጡረታዋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀራት። እኔ ደግሞ የፈራሁት የኔ ለነሷ እንዳይሰጥ ነው። እዚያው ቆመን ተያየን። ጋሼ፣ ሰው እንዴት ቡና እየጠጣ አብሮት የቆመውን ሰው እንጀራ ይመኛል? እኔ አልተመኘሁም። ግን አንዳችን ብንተርፍ አንዳችን እንደምንወድቅ ሁለታችንም ገብቶናል።

መስመሩ ለእኛ ቢሰጥም እንኳ ሥራው ሌላ ሥራ ነው የሚሆነው። ይህን አንተ በደንብ ትረዳዋለህ። እማዬ ከመሐል ሜዳ ሽሮ ስትልክልህ እንዴት ነበር? ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥታ፣ ታርጋውን በስልክ ነግራህ፣ አንተ መናኸሪያ ቆመህ ትጠብቃለህ። ሾፌሩ መንገዱን ተከትሎ ይመጣል፣ ስትደርስ ደረሰች ነው። አሁን ያ ሾፌር ሰባ ጆንያ ገብስ ጭኖ፣ ከጆንያዎቹ መሐል ሃያ ትንንሽ የመድኃኒት ፖስታ አለው በል። ፖስታዎቹ ሁሉ እንደየአድራሻቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ አለባቸው። አንዱ ጣርማ በር፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ አንዱ ተመልሶ አንኮበር። ጆንያውን ቤት በቤት ማራገፉን ትቶ መጀመሪያ ለፖስታው ይሮጣል። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ እንደገና ይመለስበታል። የኛም ቀን እንዲያ ነው የሚሆነው። ዛሬ ከ130 እስከ 150 በር አንኳኳለሁ፤ የምችለው ግን መንገዱን ተከትዬ ስለምሄድ ነው። የሚጫነው የውሻ ምግብ፣ ጎማ፣ የተገጣጠመ ወንበር ሁሉ ነው። ከዚያ ሥር ቀጭን ፖስታ መፈለግ እንዴት ጊዜ እንደሚበላ ቁጠረው። በቀን ቁርጥ ለሚከፈለው ሰው ያ ጊዜ ከራሱ ነው የሚሄደው።

ኮንትራክተሬ ላይም አልፈርድም። የአሁኑ ጥሩ ሰው ነው። መኪኖቹን በብድር ነው የገዛው። መስመሩ ከእጁ ቢወጣ ዕዳው ከእጁ አይወጣም። ፊቱን ሳየው አንተን ነው የማየው፣ ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ።

አንድ የደበቅኩህ ነገርም አለ። ባለፈው ጥር ያ ወር ገንዘቡ ሲዘገይ «ባንክ አዘገየው» ብዬህ ነበር። ውሸት ነበር፣ ይቅር በለኝ። በረዶ ላይ ተንሸራትቼ ከነካርቶኑ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ አበጠ። ያኔ የነበርኩበት ሌላ ኮንትራክተር ጋ ነው። ወረቀት ብሞላ መዘዝ እንደሚያመጣብኝ ነገረኝ። እኔም አዲስ ስለነበርኩ ፈርቼ ዝም አልኩ። 9 ቀን ያለ ክፍያ ተኛሁ። ወረቀቱን መሙላት መብቴ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። አሁን ጉልበቴ ድኗል። ለእማዬ እንዳትነግራት።

«ለምን እንደ ዩፒኤሶቹ ማኅበር አታቋቁሙም?» ትለኝ ይሆናል። ይህም አንድ አይደለም። ኤክስፕረሶቹ አውሮፕላን ያለው ድርጅት ስለሆኑ የሚተዳደሩት በባቡርና በአየር መንገድ ሠራተኛ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መላ አገሪቱ ላይ ያሉ ሾፌሮች ባንድ ላይ መምረጥ አለባቸው። እኛ ደግሞ በየኮንትራክተሩ ተበትነናል፤ እዚህ አሥር፣ እዚያ ሃያ። አንድ ግቢ ውስጥ የምንጭን ሰዎች አሠሪያችን ይለያያል። እንዴት ብለን አንድ ቃል እንናገር?

እንዲያው ልቤን ለማሳረፍ ሌላም ልንገርህ። እዚህ ሰው ዴንቨር ከፍታዋ 1,600 ሜትር መሆኑን እንደ ትልቅ ነገር ነው የሚያወራው። አየሩ ይከብደናል ይላሉ። እኔ የደብረ ብርሃኑን 2,800 ሜትር ስነግራቸው አያምኑኝም። ካርቶን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ማንም አይቀድመኝም። የመንዝ ብርድ ያሳደገው ሳንባ ነው። ጠዋት በጨለማ መኪናውን ሳሞቅ የጣርማ በር ጉም ይታየኛል። አንተ በዚያው ሰዓት መብራትህን አብርተህ ዋሻው ውስጥ የምትገባ ይመስለኛል፣ ሰዓታችን ባይገጥምም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የማስበውን እንዲህ አድርገነው እንይ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ፈረንጆቹ ገና ጭነቱ በጣም ይበዛል። በሳምንት 6 ቀን እሠራለሁ። ከዚያ የማገኘውን ትርፍ አንድ ላይ 1,500 ዶላር አድርጌ ለጥምቀት እልክልሃለሁ። በሱ የአሮጌዋን ካምቢዮ አሠራ፣ የኋላ ጎማዎቹንም ቀይር። ለአንድ ዓመት ታሠራሃለች። መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ አንተው ነው የነገርከኝ፤ ቆመህም የባንክ ወለድ ይቆጥራል። የግድ መበደር ካለብህ አንተ ብቻህን በወር መክፈል በምትችለው ልክ ይሁን። የኔን ድርሻ አትቁጠረው። ከመጣ ትርፍ ነው።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እየተማርኩ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን መስከረም ላይ አልፌያለሁ። የመንዳቱን ከጭነቱ ወቅት በኋላ እፈተናለሁ። እሱን ካገኘሁ መስመሩ ለማንም ይሰጥ ለማን የምሠራው አላጣም። እንደ ድሮው «ሾፌር ትሆናለህ» ብለህ መሪው ላይ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ። ታስታውሳለህ፣ ሰላ ድንጋይ መንገድ ላይ፣ እግሬ ፍሬን ሳይደርስ።

ወሬውን ለማንም አታውራ። ለእማዬ «ሥራ በዝቶበታል» በላት፣ እሱ እውነት ነው። እትዬን ሰላም በላት። ያ ከዚያ የሚመጣው የሰፈራችን ልጅ ኅዳር መጨረሻ ይመለሳል ብለኸኝ ነበር። ቦታ ካለው በርበሬውን ተወውና የእማዬን ባና ላክልኝ። ያቺ ጥቁሯን፣ ዳር ዳሯ የተበላችውን። እዚህ የሚሸጠው ብርድ ልብስ ሁሉ ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም።

ባንክ ቤቱ ቀጠሮ ሐሙስ ነው ብለኸኛል። ከዚያ በፊት ይህን አንብበህ ደውልልኝ። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ደውል፤ እዚህ ጠዋት ነው፣ መኪናውን እየጫንኩ አነሣዋለሁ።

የሚወድህ ታናሽ ወንድምህ