ቸርኬው ላይ 36 ሽቦ አለ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለአቡሽ፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራውስ፣ የሐዋሳው ሙቀትስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ወገቧን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ቱሉ ዲምቱ ያው ነው። አቧራው፣ ሲኖትራኩ፣ ከአዳማው ፍጥነት መንገድ የሚወጣው መኪና፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ሥራ አለ። ትናንት ብቻ አስራ አንድ ጎማ ለጥፌያለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ፣ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ሶፋው ላይ አየሁህ። ስልክህ ላይ ሩሌት የሚሉት ቁማር፣ ቀይና ጥቁሩ መንኮራኩር ይሽከረከራል። ድምፁን አጥፍተኸዋል። ስታየኝ ስልኩን ደረትህ ላይ ደፋኸው። "ኳስ እያየሁ ነው" አልከኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ከመጫወትህ ይልቅ የከነከነኝ መደበቅህ ነው።

ልቆጣህ እችል ነበር። ግን የ24 ዓመት ሰው ነህ፣ በገዛ ደሞዝህ ነው የምትኖረው። ተው ብልህ ሌላ ክፍል ገብተህ ትጫወታለህ። ስለዚህ የምትጫወተውን ነገር ውስጡን እንድታውቀው ፈለግኩ። መጀመሪያ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ሳነብ ከረምኩ። ከዚያ ሠራሁት።

አዎ፣ ሩሌት ሠራሁ። ያቺን የድሮ ብስክሌትህን ታስታውሳታለህ? የኋላ ጎማዋን ከነቸርኬው ፈታሁት። ኩሽኔታውን አጥቤ ግራሶ ቀባሁትና ሱቁ ግድግዳ ላይ አቆምኩት። ሽቦዎቹን ብትቆጥራቸው 36 ናቸው። በመሃላቸው ያለው ክፍተትም 36። ሚሚ ጎማው ላይ በጠመኔ ከ1 እስከ 36 ጻፈችበት፣ አንዱን እየዘለለች ቀይ ቀባችው። እኔ ከላይ አንድ ሚስማር እንደ አመልካች መታሁ። ቁጥሮቹን ደምራ 666 ሲመጣባት ደነገጠች። የእውነተኛው ሩሌት ድምርም እኮ ይኸው ነው፣ ቁጥር ነው አልኳት። ከዚያ ቆም ብላ፦

"አባዬ፣ ዜሮዋስ የት ትግባ?" አለችኝ።

አቡሽ፣ የሩሌት ነገር ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ቁጥሮቹ 36 ብቻ ቢሆኑ ጨዋታው እኩል ነበር። አንድ ቁጥር ላይ 10 ብር አስይዘህ ከወጣልህ 350 ብር ይከፍሉሃል፣ ያስያዝከው 10 ብርም ይመለስልሃል። በጠቅላላው 360። 36ቱም ቁጥር ላይ አስር አስር ብር ብታስይዝ 360 አውጥተህ 360 ታገኛለህ። ማንም ማንንም አይበላም። ዜሮዋ ስትገባ ግን ቁጥሩ 37 ይሆናል፣ ክፍያው ግን ፈቀቅ አይልም። 370 አውጥተህ 360 ታገኛለህ። ያቺ 10 ብር የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው ናት። ከመቶ 2.7 ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ሁለተኛ ዜሮ ስለጨመሩበት የእነሱ 5.26 ይደርሳል። መጫወትህ ካልቀረ ባለ ሁለት ዜሮውን አትንካው። አንዳንድ የፈረንሳይ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቀይ ወይም ጥቁር ይዘህ ዜሮ ሲወጣ ግማሹን ይመልሱልሃል። እዚያ ውርርድ ላይ የቤቱ ድርሻ ወደ 1.35 ይወርዳል። ካገኘኸው እሱ ይሻላል።

ፍራንሷና ሉዊ ብላን የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1843 ጀርመን አገር ባድ ሆምቡርግ ላይ ባለ አንድ ዜሮ ጨዋታ አቀረቡ። ተጫዋች ለመሳብ ነው ዜሮ የቀነሱት። ፍራንሷ በኋላ የሞንቴ ካርሎን ካሲኖ ያዘ። አንዷ ዜሮ በቅታዋለች።

እኛ ዜሮዋን የንፋስ መሙያዋ ጋ አደረግናት። ጠባብ ናት፣ ግን አለች። ለሚሚ 100 ፍሬ ሽምብራ ቆጥሬ ሰጠኋት። ባንክ እኔ ሆንኩ።

ጥቂት እንደተጫወትን "አባዬ፣ 18 እና 19 በጣም ይወጣሉ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ንፋስ መሙያው ያለበት ጎን ከበድ ስለሚል ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ትይዩው ያሉት 18 እና 19 ወደ ላይ ወጥተው ሚስማሩ ሥር ይቆማሉ። መኪና ጎማ ላይ ባላንስ የምንሠራው ለዚህ አይደል? ጆሴፍ ጃገር የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞንቴ ካርሎ ላይ ብዙ ገንዘብ የበላው እንዲህ ነው። ሰውየው ከሱፍ ፋብሪካ አካባቢ ስለመጣ የሚሽከረከር ነገር ያውቃል። ሰዎች ቀጥሮ የሚወጣውን ቁጥር አስመዘገበና ሚዛኑ የተዛባውን መንኮራኩር ለየ። ካሲኖው ነቅቶ መላ እስኪያበጅ ድረስ በላቸው። ታሪኩን ሳነብ ሰውየውን ወደድኩት፣ የሙያ ወንድሜ መሰለኝ።

እኔም ከዜሮዋ ትይዩ ትንሽ የባላንስ እርሳስ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ 19 እንደማንኛውም ቁጥር ሆነች። አንተ ስልክ ላይ ግን የሚያረጅ ኩሽኔታ የለም። ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ያለፉ ቁጥሮች እያየህ "ቀይ ስድስት ጊዜ ወጣ፣ አሁን ጥቁር መሆን አለበት" አትበል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913፣ በእኛ በ1905 ነሐሴ መሆኑ ነው፣ ሞንቴ ካርሎ ላይ ጥቁር በተከታታይ 26 ጊዜ ወጣ። ሰዉ አሁንስ ቀይ ነው እያለ ገንዘቡን ቀይ ላይ ሲከምር አለቀ። መንኮራኩሩ ትናንት የለውም። የተበላኸውን የምታስታውሰው አንተ ብቻ ነህ።

ሚሚ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ዘዴ አገኘች። ቀይ ላይ 1 ፍሬ ታስይዛለች። ከተበላች 2፣ ደግማ ከተበላች 4። ሲወጣላት ሁሉንም አስመልሳ 1 ፍሬ ታተርፋለች። ትልልቅ ሰዎችም የሚጫወቱት እንዲህ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራላት። ደስ ብሏት ትስቃለች። ከዚያ ቀይ እምቢ አለ። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። ስድስት ጊዜ። 63 ፍሬ ሄደ። ለሚቀጥለው 64 ያስፈልጋታል፣ እጇ ላይ ያላት ግን ከአርባ አይበልጥም። ሽምብራውን አየች፣ እኔን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሽምብራ እኮ ነው!

አንተ በ10 ብር ብትጀምር ሰባት ጊዜ ስትበላ 1,270 ብር ይሄዳል። ያውም 10 ብር ለማትረፍ። ቀይ ይዘህ በተከታታይ ሰባት ጊዜ የመበላት ዕድልህ ከ106 ሙከራ አንድ ገደማ ነው። ሩቅ ይመስላል። ስልክ ላይ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ፍጥነቱን ልብ በል። ጠረጴዛ ላይ ሰው እያሽከረከረ በሰዓት 40 ዙር ተጫወትክ እንበል። በ10 ብር ሒሳብ 400 ብር አስይዘሃል፣ የቤቱ ድርሻ በአማካይ 11 ብር ገደማ ነው። የማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ስልክ ላይ በየ10 ሴኮንዱ ብትጫን ግን በሰዓት 360 ዙር ነው። 3,600 ብር አስይዘሃል፣ ድርሻው 97 ብር ሆነ። ጨዋታው አንድ፣ ውርርዱ አንድ። የጨመረው የጣትህ ፍጥነት ነው። ደግሞ ይኼ አማካዩ ነው፣ በመጥፎ ቀን ብዙ እጥፍ ይሄዳል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ከእናትህ በቀር የሚያውቀው የለም። አንተ ሳትወለድ፣ ቃሊቲ የሰው ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ዕቁብ ደረሰኝ። 4,000 ብር። የራሴን ኮምፕረሰር ልገዛበት ነበር። ቅዳሜ ማታ ከሾፌሮች ጋር ኮንከር ተቀመጥኩና 200 ብር ተበላሁ። ያኔ ተነስቼ ብሄድ ኖሮ ዛሬ አላስታውሰውም ነበር። ላስመልስ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሲነጋ ኪሴ ውስጥ 60 ብር ነበር። እናትህ በር ከፈተችልኝ፣ ፊቴን አየች፣ ምንም አላለችም። ያደረውን ሽሮ አሙቃ አቀረበችልኝ። ዝም ብዬ በላሁ። ከዚያ በኋላ ዕቁቡን በየሳምንቱ መክፈሌን ቀጠልኩ፣ ለሌለ ብር። ኮምፕረሰሩን የገዛሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ "ላስመልስ" የምትለዋ ቃል አፍህ ላይ ስትመጣ ስልኩን አስቀምጥ። ውጣና በእግርህ ሂድ፣ ሐይቁ ቅርብህ ነው።

እንዴት ብትጫወት ደስ እንደሚለኝም ልንገርህ። ለመዝናኛ የያዝካትን ብር ቀድመህ ለይ። ሲኒማ ገብተህ እንደምትከፍለው ቁጠራት፣ ፊልሙ ሲያልቅ የትኬቱን ብር መልሱልኝ አትልም። የቤት ኪራዩን፣ የዕቁቡን፣ ለእናትህ የምትልከውን አትንካ። ተበድረህ አትጫወት። ድሮ ብር ከኪስ ሲወጣ እጅ ያውቀዋል፣ ቴሌብር ላይ ግን የሚስጥር ቁጥር ነካ ነካ አድርገህ አለቀ። ስለዚህ የለየሃትን ብቻ አስገባ፣ ስታልቅ ሌላ አትጨምር። ሰዓትም ቁረጥ። ሲከፋህ ወይም ቢራ ስትጠጣ አይሁን። ብቻህን ሌሊት ድምፅ አጥፍተህማ በፍጹም። ከጓደኞችህ ጋር ስቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ የሚሽከረከረውን እያያችሁ ተጫወቱ። የሚያስደስተው እኮ ሊቆም ሲል ያለችው ጊዜ ናት። ሚሚ ያኔ ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔም እይዛለሁ።

እስካሁን የተበላኸው ብዙ ከሆነ ንገረኝ። አልቆጣም። ስንት እንደሆነ ብቻ በትክክል ንገረኝ፣ አብረን እናስበዋለን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኬን ክፍት አደርጋለሁ። እናትህ አጠገብ ከሆነች ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ቸርኬው ሱቁ ጥግ ተሰቅሏል። ሽምብራውን ሚሚ በጣሳ አስቀምጣዋለች። ለመስቀል ስትመጣ 100 ፍሬ ያንተ ነው፣ ባንክ ግን እሷ ትሆናለች።

አባትህ
ከቱሉ ዲምቱ