ስክሪኑን ወደ እኔ ላዞርሽልኝ የአልትራሳውንድ ባለሙያ፣ እና ለሁላችሁም

ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ሲያመኝ ከነበረው መረብ ከፊሉን ያወጡበት ቀዶ ጥገናም ማገገሙም አልፎ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ በቃሁ። ቁጭ ብዬ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ራሱ ፈተና ሆኖብኝ ነበር።

ብዙ ሰው አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን የአልትራሳውንድ ባለሙያዋን። ስምሽን አልጠራም፣ አንቺ ራስሽን ታውቂያለሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለማታውቁኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከወሊድ በኋላ የሽንት ፊኛዬ ወደ ታች ወርዶ ብልቴን እየገፋ ይወጣ ነበር። ፊኛዬን እንዲደግፍ በብልት በኩል መረብ ገባልኝ፤ ሜሽ የሚሉት፣ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራውና ሰውነት ውስጥ የማይሟሟው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ችግር በብልት በኩል የሚገባው መረብ እንዳይሸጥ አዟል። ለሽንት ማምለጥ የሚደረገውን ቀጭኑን መረብና በሆድ በኩል የሚሰፋውን ትዕዛዙ አልነካም። የኔ የገባው ከዚያ በፊት ነው።

ከዚያ ህመሙ መጣ። በአንድ ወገን የሚወጋ፣ ስቀመጥ የሚብስ። የሄድኩበት ሁሉ «ቁስሉ ድኗል፣ ምንም የለሽም» ይለኛል። ሲቲ ስካንም ተነሳሁ፤ ንጹህ ነው ተባለ። መረቡ እኮ በሲቲ ስካን በደንብ አይታይም! ይህን ማን ነገረኝ? ማንም።

አንቺ ጋ ስመጣ መጀመሪያ ሽንቴን እንድሸና ላክሽኝ። ከዚያ መመርመሪያውን ሸፍነሽ፣ ጄል ቀብተሽ፣ ወደ ውስጥ ሳታስገቢ ከውጭ ብቻ አስደገፍሽው። በፍርሃት ተኮማትሬ ነበር፣ ግን አላመመኝም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞርሽና በጣትሽ እያሳየሽ «ይሄ የፊተኛው የዳሌ አጥንትሽ፣ ይሄ ጥቁሩ ፊኛሽ፣ ይቺ የምታበራዋ ነጭ መስመር መረቡ ናት» አልሽኝ። በሌላው ምርመራ የጠፋው መረብ እዚህ ቦግ ብሎ ይታያል።

«አሁን እንደ ማማጥ አድርገሽ ግፊ» አልሽኝ። ገፋሁ። ያን ጊዜ መረቡ በአንድ ወገን ከተያዘበት ለቆ፣ ቀለበቱ እንደተነቀለ መጋረጃ ወርዶ አየሁት። ፊኛዬም በዚያው በኩል ተከትሎት ወረደ። በሌላው ወገን ደግሞ ተዘርግቶ መተኛት ሲገባው ተሸብሽቦ ወፍሯል። የሚወጋኝ በዚያው በኩል ነው። አለቀስኩ። ለካ አላበድኩም!

ነገሩን ሁሉ በመረቡ ላይ እንዳልጭንም ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። በሦስት አቅጣጫ በተነሳው ምስል ፊኛን ከታች የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻዬ በአንድ ጎን ከአጥንቱ ተላቆ አሳየሽኝ፤ የወሊድ ጉዳት ነው። ስገፋ በጡንቻው መሃል የሚከፈተውን ክፍተትም ለካሽ። 25 ካሬ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ በላይ ሰፍቷል ይባላል፤ የኔ ከዚያም አልፏል። እንዲህ የሆነባት ሴት ፊኛዋ ዳግም የሚወርድባት ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት።

ዶክተር፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሪፖርቱን ብቻ አንብበው አላለፉም፤ ምስሉን ራስዎ ከፍተው አዩት። ቀጥለውም በእጅዎ መረመሩኝና የተሸበሸበበትን ቦታ ሲነኩት ያው ህመም መጣ። መረቡ የብልቴን ግድግዳ ቀዶ ወጥቶ እንደሆነ በዓይንዎ ፈተሹ፤ ፊኛዬንም በካሜራ ከውስጥ አዩልኝ። «መረብ መሸብሸቡ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፣ ተሸብሽቦባቸው ምንም የማይሰማቸው ሴቶች አሉ፤ ያንቺ ግን ምስሉና ህመሙ ተገናኝቷል» ያሉኝን አልረሳም። ሁሉንም ካላወጣሁ ብለውም አልተነሱም፤ ፊኛና የሽንት ቧንቧ ሊጎዳ ይችላል ብለው የሚያመኝን ክፍል ብቻ አወጡልኝ። ህመሙ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ እንደሚችልም አስቀድመው ነግረውኛል። እውነትዎን ነው፣ አንዳንድ ቀን ብቅ ይላል። ፊኛዬም ትንሽ ወርዷል፣ ለጊዜው በብልት ውስጥ በሚቀመጥ የሲሊኮን ቀለበት ተደግፏል። ግን እቀመጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁ።

ባለቤቴ፣ ምርመራ በር ላይ ስትጠብቀኝ አንድም ቀን «እስከ መቼ?» ሳትለኝ ስለኖርክ ተባረክ። እህቴ፣ አንቺማ ምኑን ልበልሽ፤ ልጆቼን ጠበቅሽ፣ እኔንም ጭምር ተቆጣሽ።

ከኔ ቀድመው በየአገሩ ስለ መረብ ህመማቸው በአደባባይ የተናገሩ ሴቶችንም አመሰግናለሁ። በዚህ ቦታ ያለ ህመም ለማውራት ያሳፍራል፤ እነሱ ግን ደፈሩ።

መረብ ገብቶላት የሚያማት እህት ካለች በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ምስሎቼን አስቀምጫቸዋለሁ፣ ለማሳየት አላፍርም። እስከዚያው የቀዶ ጥገና ወረቀትሽን ፈልጊና ምን ዓይነት መረብ እንደገባልሽ እይው፤ ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ እሱን ነው።