ስለ ሐሙሱ ውሃ

አቡሽዬ፣

ሐሙስ ጠዋት ፊትህ ላይ የረጨሁት ውሃ እስካሁን ይከነክነኛል። ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል። አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ፣ አንዱን ካልሲ አድርገህ፣ ሌላውን እንደያዝከው እንቅልፍ ወስዶሃል። ተቀምጠህ! ጣሳውን አነሳሁ። «ሰነፍ!» ያልኩህን ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። አንተ ግን ምንም አልመለስክልኝም። ፊትህን በሹራብህ ጠርገህ፣ ምሳ ዕቃህን ይዘህ ወጣህ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ። ስልክህ ቻርጅ አልነበረውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። «ዛሬስ ምን ሰበብ አለው? በጊዜ ይተኛታል» አልኩ። 5፡30 ላይ ሻማ ይዤ ብመጣ ጣራ ጣራውን እያየህ ነው። «እማዬ፣ እንቅልፍ እኮ እምቢ አለኝ» አልከኝ። የሰረቀ ሰው ድምፅ ነበር የሚመስለው።

እንግዲህ እናትህ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ስለ ሆርሞን ለሰው ልጆች ስንት ዓመት ሰሌዳ ሙሉ ስጽፍ ኖሬ፣ ቤቴ ያለውን ልጅ በጣሳ ውሃ አክመዋለሁ። ያን ማታ ሻማውን ይዤ ቆሜ አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲመሽ አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። «መሽቷል፣ ተኛ» ብሎ ለሰውነት የሚናገረው እሱ ነው። ጉርምስና ሲመጣ ይህ መልእክት ይዘገያል፤ አንዳንዱ ልጅ ላይ የሁለት ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ማታ 5 ሰዓት ሳይሆን ተኛ ቢሉት አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ያለችው ሜሪ ካርስካደን ለአሥርት ዓመታት ያጠናችው ይህንኑ ነው። ስልኩ ነፃ ነው እያልኩህ አይደለም፤ እሱ ያባብሰዋል። ግን ስልኩ ባይኖርም አንተ ያው ነህ። መብራት ኃይል አሳየን።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ የእንቅልፍ ሐኪሞች። የአንተን ሂሳብ ሠራሁት። 5፡30 እንቅልፍ ወሰደህ እንበል። ከመደበኛው ትምህርት በፊት ያለው ማጠናከሪያ 1 ሰዓት ይጀምራል፣ ሰርቪሱ 12፡15 በር ላይ ነው፣ ስለዚህ 11፡45 እቀሰቅስሃለሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ። ጥር ላይ ደግሞ እዚህ ባሕር ዳር ፀሐይ የምትወጣው ከ12፡45 በኋላ ነው። ጨለማ ውስጥ ነው መኪና ላይ የምትወጣው።

አሜሪካኖች ይህን ሲከራከሩበት ቆይተዋል። የሕፃናት ሐኪሞቻቸው ማኅበር በአውሮፓውያኑ 2014 «ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት አይጀመር» አለ። ሲያትል ከተማ በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያውን ከ1፡50 ወደ 2፡45 አዛወረች። ሁሉም የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ያንን ያህል ያመሻሉ ተብሎ። አላመሹም። ሲለካ በቀን 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ተኝተዋል። ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ 2፡30ን በሕግ አጸናችው። ፍሎሪዳ ግን በ2023 ሕግ አውጥታ በ2025 መልሳ ተወችው፤ አውቶቡሱ፣ ወጪው አልገጥም ብሏት።

እኔም ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ማጠናከሪያው ከትምህርት በኋላ ይሁን አልኩ። አንድ አባት ሳቁ። «እኛ ሁለት ሰዓት በእግራችን ሄደን ነው የተማርነው» አሉ። ጭብጨባ! የሰርቪሱ ሾፌር ሁለተኛ ዙር አለው። አንዲት እናት ደግሞ 12፡30 ላይ ሱቅ መክፈት አለብኝ፣ ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ አለች። እሷ እውነቷን ነው፣ መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ «እናየዋለን» ተባለ። አስተማሪ ስለሆንኩ «እናየዋለን» ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በእግር ሄደን ያሉት አባት ግን አንድ ነገር ረስተዋል። እኔ ዘጌ ሳድግ ዶሮ ሳይጮህ እንነሳ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ኩራዙ ይጠፋል፤ ጋዝ ውድ ነዋ። ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው፣ ምን ይሠራል? እንደዚያም ሆኖ፣ በጀልባ ወደ ከተማ ስንሻገር አባቴ ትከሻ ላይ ተደፍቼ ነበር የምደርሰው። ይህን ለአንተ አውርቼህ አላውቅም። የማወራህ መነሳቱን ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላ ጥፋት አለብኝ። ማታ 1፡30 ላይ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። «እያጠና ነው፣ ይንቃ» ብዬ አቦሉን ለአንተ የምቀዳው እኔው ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቡናው 10 ሰዓት ላይ ይፈላል። የመጣ ይጠጣል። ማታ ቢያምርህ በረካም አላቀምስህም።

እሁድ እስከ 5 ሰዓት የምትተኛውን ግን ወደ 3 ሰዓት አምጣው። የሰኞን ሌሊት የሚያበላሸው እሱ ነው። ስትነሳ ጣና ዳር እንውጣ። የጠዋት ብርሃን ዓይን ሲነካው ያ የዘገየ የእንቅልፍ ሰዓት ትንሽ ቀደም ይላል። አሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ እናያለን፣ አንተም ያ አፉ ትልቅ ወፍ ከእጃቸው ሲቀማ ትስቃለህ፣ እንደ ድሮው።

ማጠናከሪያውን ማክሰኞና ሐሙስ ተወው። አባትህ አልተስማማም፤ ማትሪክ ደርሷል ይላል። ልክ ነው፣ ደርሷል። ግን በፊዚክስ ደብተርህ ላይ የሐሙስን ማስታወሻ አየሁት። ሦስት መስመር ጽፈህ አራተኛው ወደ ታች ተንሸራትቶ ጠፍቷል። ያንን ለመጻፍ ነው ያነቃሁህ።

ነገ ማክሰኞ ነው። ለሾፌሩ ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። 1 ሰዓት ላይ እቀሰቅስሃለሁ፣ የባጃጅ ሃያ ብር ጠረጴዛው ላይ ነው። ጣሳዋን ወደ ጓሮ አውጥቻታለሁ።

እናትህ