ለእኛ ያልተባለውን መስማት፦ የአጭር ሞገድ አዳማጮች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችንን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር የሚያምታቱ ዛሬም አልጠፉም። እነርሱ ይናገራሉ፣ እኛ እናዳምጣለን፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሌላው፣ በየመምህራን ስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ ደግሞ «ስልክ እያለ፣ ኢንተርኔት እያለ፣ በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ምን ትሠራላችሁ?» የሚል ነው። መልሱን ባጭሩ ሰጥቶ ከመገላገል የሠራነውን ማሳየት ይሻላል።

የምናሳድደው ትልልቆቹን የውጭ ሬዲዮ አገልግሎቶች አይደለም። እነዚያ ከአገራቸው ውጭ ላለ አድማጭ ብለው፣ በብዙ መቶ ኪሎዋት፣ አንቴናቸውን ወደ እርሱ አዙረው ስለሚያሰራጩ ቁልፉን ማዞር ይበቃል። እኛ የምንፈልገው አንድ አገር ለገዛ ሕዝቡ፣ በገዛ ቋንቋው የሚያስተላልፈውን ነው፦ የብራዚሉን ሬዲዮ ናሲዮናል ዳ አማዞኒያ በ11780 እና በ6180 ኪሎኸርዝ፣ የላሳን የቲቤትኛ ፕሮግራም በ4905 እና በ4920፣ የማሊን ብሔራዊ ሬዲዮ ቀን በ9635፣ ማታ በ5995። የአየር ንብረቱ፣ የእህሉ ዋጋ፣ የመንደሩ መልእክት የሚነገረው በእነዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ይሰማናል ብለው አያስቡም።

እነዚህ አገሮች ኤፍኤም እያለ ለምን በአጭር ሞገድ ይደክማሉ? ኤፍኤም ተራራና አድማስ ያግደዋል። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ በሐሩር ክልል የመብረቅ ፍንዳታ ስለሚበዛበት ድምፁ ይዋጣል። ለዚህ ሲባል ለሐሩር ክልል አገሮች የ120፣ የ90 እና የ60 ሜትር ባንዶች ተመደቡ፤ ከ2300 እስከ 2495፣ ከ3200 እስከ 3400፣ ከ4750 እስከ 5060 ኪሎኸርዝ መሆናቸው ነው። ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር የሚባለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር ንብርብር ነክቶ፣ ማሰራጫው ዙሪያ ባለው ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ላይ ይመለሳል። ቀን ቀን ታችኛው የ«ዲ» ንብርብር እነዚህን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ንብርብሩ ይከስማል፤ ያን ጊዜ ዘመም ብሎ ያመለጠው ጭላጭ ብዙ ሺህ ኪሎሜትር ይጓዛል። እኛ የምንለቅመው ያን ጭላጭ ነው።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ረቡዕ ረቡዕ ተካሂደዋል፤ በፈተና ሳምንታት ብቻ ተቋርጠዋል። አባላት በአንቴና፣ በመዝገብና በሪፖርት ቡድን ተከፍለዋል። ቃለ ጉባኤው ስላለ እዚህ አልደግመውም።

የአንቴናው ነገር ግን ሊዘለል አይገባም። ከቤተ ሙከራው ጣሪያ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ 20 ሜትር የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ዘርግተናል፤ ጫፎቹን የያዙት ከፒቪሲ ቧንቧ የተቆረጡ ቁርጥራጮች ናቸው። እንዲህ ያለ ሽቦ ኢምፒዳንሱ (ለሬዲዮው ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) ብዙ መቶ ኦም ነው፤ ወደ ሬዲዮ የሚወርደው ገመድ 50 ኦም። በመካከላቸው ሁለቱን የሚያጣጥም 9 ለ 1 ትራንስፎርመር ይገባል፦ ፌራይት ከሚባል መግነጢሳዊ ሴራሚክ በተሠራ አንድ ቀለበት ላይ በአንቴናው በኩል 27 ዙር፣ በገመዱ በኩል 9 ዙር። የዙሩ ንጽጽር 3 ከሆነ የኢምፒዳንሱ ንጽጽር 9 ነው፤ በሰሌዳ ላይ አልገባ ያላቸው ልጆች ሽቦውን በጣታቸው ሲጠመጥሙ ገባቸው።

የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ግን ከሸፈ። ልጆቹ ከተበላሸ ኮምፒውተር የኃይል ሳጥን ውስጥ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው ቀለበት አውጥተው ጠመጠሙ። ከ9 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ደህና ይገባል፣ 60 ሜትር ባንድ ላይ ግን ዝም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ቢጫው ቀለበት የተጋገረ የብረት ዱቄት ነው፤ መግነጢሳዊ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ 9 ዙር በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲግናሉን የሚያግድ በቂ ኢንዳክታንስ አይሰጥም፤ ሲግናሉ ሬዲዮ ሳይደርስ በጥቅሉ በኩል ወደ መሬት ይፈሳል። 43 የሚባለው የፌራይት ዓይነት ከዚያ ከ10 እጥፍ የሚበልጥ አቅም አለው። በእርሱ ላይ ያንኑ ዙር ስንጠመጥም ባንዱ ነቃ። ሁለቱ ጥቅሎች እንዳይገናኙ ተደርገው መጠምጠማቸውም ሌላ ጥቅም አለው፤ ከመብራት መስመሩ በገመዱ ሽፋን ላይ ተንጠላጥሎ የሚመጣው ጩኸት ወደ አንቴናው አይሻገርም። ለዚያም ነው ከአንቴናው ሥር የራሱ የመሬት ዘንግ የተተከለለት፤ ከሕንፃው የመሬት መስመር ጋር አልተያያዘም። ደመና ሲጠቁር ሽቦው ከሬዲዮው ተነቅሎ ከዘንጉ ጋር ይታሰራል፤ ይህን የረሳ ተራው ይታለፋል።

ቀጥሎ የመጣው ጠላት ጩኸት ነው። ሬዲዮዎቹ በባትሪ ብቻ ይሠራሉ፣ የስልክ ቻርጀር በክፍሉ ውስጥ አይሰካም፤ እንዲያም ሆኖ 5 ሜጋኸርዝ ላይ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ በአስተዳደሩ ፈቃድ፣ የሕንፃው ዋና ማብሪያ ወረደና ድምፁ ጠፋ። ከዚያ መስመር በመስመር መልሰን አበራን። የፎቶ ኮፒ ክፍሉ ጥቂት ጨመረ። የኮሪደሩ መስመር ሲበራ ግን ወፍጮው ተመለሰ። በዘንድሮው ዓመት የተተከሉት የኤልኢዲ አምፖሎች እያንዳንዳቸው ውስጥ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ የሚመግብ ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ ማጣሪያው ከተዘለለ የቁርጥራጩ ብዜቶች እስከ ብዙ ሜጋኸርዝ ይወጣሉ። የአንቴናውን መነሻ 15 ሜትር ከኮሪደሩ አርቀን፣ ገመዱ ላይ የፌራይት መቆንጠጫ ደርድረን ግማሹን አስታገስን። አምፖሎቹ በጠራራ ፀሐይም ሲበሩ እንደሚውሉ ለሚመለከተው ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ይህን የምለው ለሬዲዮ ብቻ ብዬ አይደለም።

ስህተቶቻችንን አልደብቅም። በኅዳር አንድ ቡድን 5160 ላይ አዲስ ጣቢያ አገኘሁ ብሎ ግቢውን በደስታ አናወጠው። ያገኘው በአሮጌው ሬዲዮ ነው። ያ ሬዲዮ የገባውን ሞገድ ሁሉ ወደ 455 ኪሎኸርዝ ቀይሮ ነው የሚያጎላው፤ ስለዚህ ከተስተካከለበት ቦታ በ455 እጥፍ ሁለት፣ ማለትም በ910 ኪሎኸርዝ የሚበልጥ ጠንካራ ጣቢያ በጓሮ በር ይገባበታል። 5160 ሲደመር 910 ሲሆን 6070 ነው፤ እውነትም እዚያ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሮጌው ሬዲዮ የተገኘ ነገር ሁሉ 910 ሳይደመርበት መዝገብ ላይ አይወጣም።

ሌላ ቡድን ሦስት ማታ 2310 ላይ ተቀምጦ የአውስትራሊያን የአሊስ ስፕሪንግስ ማሰራጫ ጠበቀ። አሊስ ስፕሪንግስ ያለበት የሰሜናዊ ግዛት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ተዘግተዋል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ በእጃቸው የነበረው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተገኘ የድሮ የጣቢያዎች ዝርዝር ቅጂ ነው። አሁን በነጻ የሚሰራጨውን የወቅት ዝርዝር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ እሑዶች ሰሌዳው ሲቀየር፣ እናትማለን። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ግን በዝርዝሩ ላይ ሞተውም ይቆያሉ። ስለዚህ ከመድከማችን በፊት የኔዘርላንድሱ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ክፍት ባደረገው የኢንተርኔት ሬዲዮ ጣቢያው አየር ላይ እንዳለ እንፈትሻለን። በዚያ የተሰማ ግን አይመዘገብም፤ የተሰማው በሌላ ሰው አንቴና ነውና። ኢንተርኔት እያለ ለሚሉን፦ ይኸው፣ እንጠቀምበታለን።

አንድ ረቡዕ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ባንድ በአንዴ ባዶ ሆነ። አንቴናው ተበጠሰ ብለው ጣሪያ ላይ ሊወጡ መሰላል ያመጡ ነበሩ። የፀሐይ ፍንዳታ ነበር፤ ኤክስሬዩ ቀን በሆነበት የምድር ገጽታ ላይ የ«ዲ» ንብርብሩን አወፍሮ ሞገዱን ሁሉ አስዋጠው። በመጀመሪያ የተመለሰው 15 ሜጋኸርዝ ነበር፣ በመጨረሻ 6 ሜጋኸርዝ፤ ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ስለሚዋጥ ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነው። መሰላሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። በጥር የዕረፍት ሳምንት፣ የወላጆች ፊርማ ተሰብስቦ፣ የተፈጥሮ ክበብ ችግኝ ወደሚተክልበት ኮረብታ ወጣን። እዚያ የመብራት መስመር የለም። ሬዲዮው ሲከፈት ልጆቹ ተበላሽቷል ብለው ነበር፤ ጸጥታ እንዲህ መሆኑን አያውቁማ። 14.6 ሜትር የሆኑ ሁለት ክንፎች ያሉት ዳይፖል አንቴና ለ60 ሜትር ባንድ በሁለት ዛፎች መካከል ሰቀልን፤ 143ን በ4.9 ሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፣ የሚመጣው የሁለቱ ክንፎች ድምር ነው። በመጀመሪያ ሬዲዮው ላይ ያለውን የአንድ ጎን ጎን ባንድ (ኤስኤስቢ) መቀበያ ከፍተን ፉጨት ፈለግን፤ ድምፁ ገና ሳይሰማ የጣቢያው ተሸካሚ ሞገድ በፉጨት ራሱን ያጋልጣል። 4905 እና 4920 ላይ ሁለት ፉጨት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝማሬ ሆኑ።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አብዛኞቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ገቡ። በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም የጋራ ሰዓት፣ ገና 21 ሰዓት ከ10 ነበር፤ መዝገቡ በዩቲሲ ስለሚሞላ ቀኑም አልተቀየረም፣ ይህንንም ለማስረዳት የፈጀብንን ጊዜ አላወራም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ አልተኛችም። ክፍል ውስጥ እጅ የማታወጣ ልጅ ናት። ሁለት ሬዲዮ ፊቷ አስቀምጣ አንዱን 11780፣ ሌላውን 6180 ላይ አድርጋለች፤ የአንዱን ማዳመጫ በቀኝ ጆሮዋ፣ የሌላውን በግራ ሰክታለች። በቀኝ ፖርቱጋልኛ ይሰማል። በግራ ሹክሹክታ እንኳ የለም።

ደብተሯ ላይ የሰማችውን በፊደል ትጽፍ ነበር፦ «ሀጂዩ ናሲዮናው ዳ አማዞኒያ»። ጓደኞቿ ቀን ላይ አይተውት «ራዲዮ» እንጂ «ሀጂዩ» የሚል ቃል የለም ብለው ሊያርሙላት ሞክረዋል። ልክ እርሷ ነበረች። ብራዚላውያን በቃል መነሻ ያለውን «ር» እንደ «ህ»፣ «ዲ»ን እንደ «ጂ»፣ መጨረሻ ላይ ያለውን «ል» እንደ «ው» ነው የሚሉት። በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሞከሩት የሚያውቁትን ቃል ጻፉ፤ እርሷ የሰማችውን ጻፈች።

21 ሰዓት ከ25 ገደማ ግራ እጇን አነሳች። 6180 ላይ ከጩኸቱ ሥር አንድ ነገር መነሳት ጀምሮ ነበር። ማሰራጫው ባለበት በብራዚሊያ ፀሐይ ለመጥለቅ የምትቃረብበት ሰዓት ነው፤ እዚያ የ«ዲ» ንብርብሩ ሲሳሳ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ መንገድ ያገኛል። በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየጠነከረ መጣ። አንዱ ጆሮ ሲደክም ሌላው ይበረታል፤ ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች የሚከስሙበት ጊዜ አይገጥምም። «ቲቸር፣ ሁለቱ አንድ ናቸው» አለች በሹክሹክታ፣ የተኙት እንዳይነቁ። ከዚያ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ አስሰማችን። ብራዚል ላይ መሸ፤ መምሸቱንም በግራ ጆሮዋ ሰምታዋለች። ይህን በየትኛው የስልክ መተግበሪያ እንደምናገኘው የሚነግረን ካለ ክበቡ በደስታ ይቀበላል።

መዝገቡ ላይ የሞላችው ሲንፖ ለ11780 «35343»፣ ለ6180 «22322» ይላል። አምስቱ አሃዞች በቅደም ተከተል የሲግናሉን ጥንካሬ፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነትን፣ የጩኸቱን፣ የመዋዠቁንና የጠቅላላውን ደረጃ ከ1 እስከ 5 ይሰጣሉ፤ 5 ከሁሉም የተሻለው ነው። አዲስ አባል ሁሉ 55555 መጻፍ ይወዳል። ጣቢያው ግን ሙገሳ አይደለም የሚፈልገው፤ የት ደካማ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ለጣቢያዎቹ የምንልካቸው ሪፖርቶች ቢያንስ 20 ደቂቃ የተሰማውን በየደቂቃው ይዘረዝራሉ፦ ወንድ ወይ ሴት ተናገረ፣ የምን መሣሪያ ዘፈን ነበር፣ የጣቢያው መለያ ስንት ሰዓት ላይ ተነገረ። «ሙዚቃና ንግግር» ብቻ ብሎ መላክ ምንም አያረጋግጥም። በጣቢያው ቋንቋ አጭር ደብዳቤ ይታከልበታል፤ የቋንቋ መምህራኑ እዚህ ላይ ስለረዱን እናመሰግናለን። ለአብዛኞቹ መልስ አልመጣም። የአገር ውስጥ ጣቢያ የውጭ ደብዳቤ የሚያይ ክፍል ስለሌለው መልሱ በአንድ ቴክኒሻን በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጡት ጥቂት ማረጋገጫዎች ቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፈዋል።

ለመጪው ዓመት ከወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በ1 ኪሎኸርዝ እርምጃ የሚሄድና የአንድ ጎን ጎን ባንድ የሚቀበል አንድ ተጨማሪ ሬዲዮ፣ አራት የ43 ዓይነት የፌራይት ቀለበቶች፣ የሚሞሉ ባትሪዎች ከቻርጀራቸው ጋር። አሁን ያለን አንድ ጥሩ ሬዲዮ ነው። በዚያ ሌሊት ሁለተኛው የተውሶ ነበር፤ በማግስቱ ተመልሷል። ለኳስ ማልያ በየዓመቱ መቀየር ሲቻል ይህ እንደማይከብድ አምናለሁ።

ቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ አሮጌ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ካለም አምጡልን፤ ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ቢሆን ግድ የለም፣ በማዳመጫ እንሠራበታለን። ከማምጣታችሁ በፊት የባትሪውን ክዳን ክፈቱ። ባትሪው ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከሠራ በእጃችሁ አትንኩት፤ ኮምጣጤ ባስነካችሁት የጥጥ እንጨት መነካኪያዎቹን ጥረጉና አድርቁት። ባትሪውን የሚይዘው ስፕሪንግ የተበላ ከሆነም እንዳለ አምጡት፣ የአንቴና ቡድኑ መቀየሪያ አለው።