የታሪክ ክበባችን ከሞንጎሎች ጋር የከረመበት ዓመት

መስከረም ላይ የዓመቱን ርዕስ ስንመርጥ የ9ኛ ክፍል አባላት «ሞንጎሎች ይሁኑልን» አሉ። እነሱ ያሰቡት ፈረሱንና ቀስቱን ነበር። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር ይዤ ተስማማሁ፦ አገር በፈረስ ይያዛል፤ ከተያዘ በኋላስ? በቁጥር ጥቂት የሆኑ ሰዎች ቋንቋውም ሃይማኖቱም ለየቅል የሆነውን ያን ሁሉ ሕዝብ በምን ገዙት?

እስከ ገና ድረስ በየረቡዑ ማንበብ ብቻ ነበር ሥራችን፤ በዚህ መሀል ጥቂት አባላት ወደ ስፖርት ክበብ ኮበለሉ። የቀሩትን ያስገረማቸው የግብሩ ጉዳይ ነው። የሞንጎሎችን ግዛት የመሠረተው ጄንጊስ ካን እ.ኤ.አ. በ1222 ቺዩ ቹጂ የተባሉትን የዳኦ (የጥንት ቻይናውያን ሃይማኖት) መምህር ከቻይና አስጠርቶ የማያስሞት መድኃኒት እንዳላቸው ጠየቃቸው። ሽማግሌው «የለም» አሉት። ካኑ አልተቆጣም፤ በዓመቱ ተከታዮቻቸውን ከግብር ነፃ አወጣ። የቡድሃ መነኮሳት፣ ካህናትና የሙስሊም ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን ምሕረት አግኝተዋል፤ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በ1267 በደብዳቤ ተሰጥቷታል። በምላሹ ለካኑ መጸለይ ነበረባቸው። አንዷ ተማሪ «እና ጸሎት በግብር ተገዛ?» አለች። ከእኔ ማብራሪያ የእሷ ጥያቄ ይበልጥ ነበር።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ድራማው ነው። በ1254 የጄንጊስ የልጅ ልጅ ሞንኬ ካን በዋና ከተማው በካራኮረም ክርስቲያኖችን፣ ሙስሊሞችንና ቡድሂስቶችን ፊት ለፊት አከራክሯል። ከሦስቱም ወገን አንድ አንድ ዳኛ ተሰየመ፤ ሌላውን የሚሰድብ በሞት እንደሚቀጣም ታወጀ። ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን በክርክሩ የተካፈለው መነኩሴ ዊልያም ዘሩብሩክ ነው። ሃይማኖት መድረክ ላይ ሲወጣ ወላጆች ምን ይሉን ይሆን ብዬ መሥጋቴን አልደብቅም። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱን በዕጣ አከፋፈልን። ዊልያም ለአንዲት ሙስሊም ተማሪ ደረሳት፤ ላቲን የመሰለ ነገር እያነበነበች አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። ክርክሩ ሲያበቃ ክርስቲያኖቹና ሙስሊሞቹ አብረው እንደዘመሩ፣ ከዚያም ሁሉም እስኪበቃቸው እንደጠጡ መነኩሴው ጽፏል። እኛ በእርጎ ተወጣነው። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋም የሚኒ ሚዲያ ልጆች በባትሪ አስጨርሰውናል።

ከድራማው ማግስት ሁሉም «ሞንጎሎች እንዴት ቻዮች ነበሩ» ማለት ጀመረ። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። የሞንኬ ወንድም ሁላጉ በ1258 ባግዳድን ሲያወድም ክርስቲያኖቹን አትርፏል፤ ሚስቱ ዶቁዝ ኻቱን ክርስቲያን ነበረች። በከተማዋ የሞቱትን ሙስሊሞች ግን የቆጠራቸው የለም። ቻይናን የገዛው ሌላው ወንድማቸው ኩብላይም በሙስሊሞች ሥርዓት ማረድን የከለከለበት ጊዜ አለ። ቻይነታቸው ሥልጣናቸው እስከፈቀደው ድረስ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንዲህ አያለሁ። ሁለት አባላት አሁንም አይስማሙም። የእነሱ ማስረጃ የኩብላይ እናት ሶርጋግታኒ ናት፦ ራሷ ክርስቲያን ሆና ቡኻራ ላይ ለመድረሳ ማሠሪያ ገንዘብ ሰጥታለች። ክርክሩ ሳይቋጭ ሰኔ ደረሰ።

ኩብላይ የግዛቱ ቋንቋዎች ሁሉ በአንድ ፊደል እንዲጻፉ ፈልጎ ፋግስ-ፓ የተባለውን የቲቤት መነኩሴ ፊደል አሠርቶ ነበር፤ በ1269 ታወጀ፣ ሕዝቡ ግን አልወደደለትም። ያንን ፊደል ያሳየንበት የግድግዳ ጋዜጣ አሁንም የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አለ። ስማችሁን ልትጽፉበት የምትፈልጉ ሠንጠረዡ ከሥሩ ተለጥፏል፤ የሚጻፈው ከላይ ወደ ታች ነው።