የድሮ ኮምፒውተር ማኑዋሎችን ቅዳሜ እናንሳ

ሰላም ሁላችሁም። ፒያሳ አካባቢ አንድ የቆየ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሊዘጋ ነው። ባለቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ማኑዋሎች ለቆራሌ ከመስጠታቸው በፊት እንድንወስዳቸው ፈቅደውልናል።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጣይቱ ሆቴል በር ላይ እንገናኝ። ጠንካራ ካርቶን፣ ጓንትና ማስክ ያዙ፤ አቧራው ቀላል አይደለም። መኪና ያለው ካለ እሰየው።

ቅድሚያ ለቴክኒካል ሪፈረንስ (የማሽኑን ውስጣዊ አሠራር ለሚዘረዝር) እና ለሰርቪስ (ለጥገና) ማኑዋል ነው። ለምሳሌ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ቴክኒካል ሪፈረንስ የሰርኪት ስዕሎችንና የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) ኮድ ሙሉ ዝርዝር ስለያዘ ቦርዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው። የኮመዶር 64 (የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤት ኮምፒውተር) የፕሮግራመሮች መመሪያም መጨረሻው ላይ የሚዘረጋ የሰርኪት ስዕል አለው፤ ተቀዶ እንዳይሆን አይታችሁ አንሱ። የዊንዶውስ 95 ምናምን ቦታ ከተረፈ። ኪሱ ውስጥ ፍሎፒ ዲስክ ያለውን ማኑዋል ከፍሎፒው አትለዩት። እርጥበት የነካውን ለብቻው አድርጉ፣ ሻጋታ ይዛመታል።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ። በቀለበት የተያዙት ወረቀታቸው ወጥቶ ስለሚመለስ ለስካን ችግር የለባቸውም፤ በሙጫ የተጠረዙትን ግን ጀርባቸውን እንቁረጥ ወይስ ገጽ በገጽ ፎቶ እናንሳ? እኔ ሁለት ቅጂ ከሌለ አይቆረጥ ባይ ነኝ። ለማንኛውም መጀመሪያ ቢትሴቨርስና ኢንተርኔት አርካይቭ (የድሮ ማኑዋሎች ስካን የሚገኝባቸው ድረ ገጾች) ላይ እንፈልግ፤ ጥሩ ስካን ካለ ምን አደከመን?

እስከ ሐሙስ ማታ ትመጡ እንደሆነ፣ መኪና ካላችሁና ስለ መቁረጡ ያላችሁን ሐሳብ እዚሁ ጻፉልኝ።