ለድሬዳዋ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፦ ስላግ ሳይመረመር አይደፋ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ስላግ ነው። ብረት ሲቀልጥ ከላይ የሚንሳፈፈው፣ ተገፍፎ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ድንጋይ የሚመስለው ማለቴ ነው። ድሬ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ነጻ የንግድ ቀጠናው ደግሞ ገና ብዙ ፋብሪካ ይጠራሉ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ፌሮ ለሚያመርት ፋብሪካ ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ሲታደስ፣ የስላጉ የምርመራ ውጤት አብሮ ይቅረብ።

ስላግ ሁሉ አንድ አይደለም። የብረት ማዕድን ከሚያቀልጠው ብላስት ፈርነስ የሚወጣው ስላግ በውሃ ቶሎ ከቀዘቀዘ ብርጭቆ መሰል አሸዋ ይሆናል። ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ ይጠነክራል። በአውሮፓ ደረጃ ከ36 እስከ 95 በመቶ ስላግ ያለው ሲሚንቶ ይፈቀዳል። ይህን የሰማ ሰው የእኛም እንዲሁ ነው ብሎ ሊቸኩል ይችላል። አይደለም! ቁርጥራጭ በኢንዳክሽን ምድጃ (በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ በሚግል ምድጃ) ሲቀልጥ የሚወጣው ስላግ ኖራው ትንሽ ነው፤ ሲሊካው (አሸዋ የተሠራበት ማዕድን) እና የብረት ኦክሳይዱ ይበዛል። እሱ እንደዚያኛው አይጠነክርም። ግን ለክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ለሚሆነው በእቶን የተቃጠለ ድንጋይ፣ በጥሬ ዕቃነት ብረትም ያስፈልጋል፤ ምርመራውን ካለፈ ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ ጋር ወደ እቶን ሊገባ ይችላል። ድሬ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሲሚንቶ ስለምታመርት ገዢው ደጃችን አለ።

ኖራ ተጨምሮበት በአርክ ምድጃ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚያቀልጥ ምድጃ) ከሚቀልጠው ብረት የሚወጣው ስላግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሳይዋሃድ የቀረው ኖራ ውሃ ሲያገኘው ያብጣል። ወለል ስር ከተደለደለ ቤት ይሰነጥቃል። ለወራት ደጅ ተዘርግቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ጠንካራ የመንገድ ጠጠር ይወጣዋል። የቱ የቱ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።

የኤክስሬይ ምርመራ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮችና ማዕድናት ይለያል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የውሃው ሙከራ ነው። የደቀቀው ስላግ ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይናጣል፤ ከዚያ ወደ ውሃው የወጣው ክሮሚየምና ሊድ (ለጤና ጎጂ የሆኑ ብረታ ብረቶች) ይለካል። የምንጠጣው እኮ የሳቢያንን የጉድጓድ ውሃ ነው። የደቻቱ ወንዝም ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ ማን ይረሳል? ወንዝ ዳር የተደፋ ነገር እዚያው አይቀርም።

አንድ አደራ አለኝ። ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው ብናኝ ከስላጉ ጋር በአንድ መኪና አይጫን። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቀልጥ ዚንኩ ተንኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ሊድም እንዲሁ። ብናኙ ከተደባለቀበት ደህናው ስላግም ተበላሸ ማለት ነው።

አንድ ናሙና ለዓመት አይበቃም። ዛሬ የሚቀልጠው የመኪና ሞተር ነው፣ ነገ ቆርቆሮ። ስለዚህ ምርመራው በየጊዜው ይደገም፤ ወጪውም የፋብሪካው ይሁን። ላቦራቶሪ የለም እንዳይባል፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ መምህራን አሉት። እዚህ የማይሠራውን አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ኢንስቲትዩት መላክ ይቻላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ከጎናችሁ ነው።

ውጤቱ ደግሞ ፋይል ውስጥ አይቅር። ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉት። የመንገድ ተቋራጩም፣ ብሎኬት አምራቹም፣ የፋብሪካው ጎረቤትም ያንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሬዳዋ ነዋሪ